ቺካጎ ወንዟን ስታዞር

ከሚሺጋን ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ መሀል አገር ገባ ሲሉ፣ መንገደኛ ልብ ሳይለው የሚያልፈው ዝቅተኛ ሸንተረር አለ። ከሐይቁ ገጽ የሚበልጠው በጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ተራራ ቀርቶ ጉብታ ለማለትም ይከብዳል። ይሁንና ውሃ ከፋይ ነው። ከሸንተረሩ በስተምሥራቅ የጣለ ዝናብ በታላላቆቹ ሐይቆችና በሴንት ሎረንስ ወንዝ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይሄዳል፤ በስተምዕራብ የጣለው ደግሞ በዴስፕሌንስ፣ በኢሊኖይና በሚሲሲፒ ወንዞች ቁልቁል ወርዶ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የቺካጎ ወንዝ ሰው ከሚያስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ከምሥራቁ ወገን ነበር። ሁለቱ ቅርንጫፎቹ ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው ይገናኙና በዝግታ ወደ ሐይቁ ይገቡ ነበር። ዛሬ ከሐይቁ ይወጣል እንጂ አይገባበትም። ወንዙ የዞረው በሰው እጅ ነው፤ ለመዞሩም የሚበዛውን ዋጋ የከፈሉት አዟሪዎቹ ብቻ አልነበሩም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1673 ሁለት ፈረንሳውያን፣ አሳሹ ሉዊ ዦልዬ እና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ዣክ ማርኬት፣ ሚሲሲፒን አይተው ሲመለሱ በዚህ በኩል አለፉ። መንገዱን ያሳዩአቸው የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ታንኳ ተሸክሞ ሸንተረሩን መሻገር ለእነሱ የቆየ ልማድ ነበር። ዦልዬ ቦታውን ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ግማሽ ሊግ፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ቢቆፈር፣ ከሐይቆቹ ተነስቶ እስከ ፍሎሪዳ በጀልባ መሄድ ይቻላል አለ። ርቀቱን እጅግ አሳንሶ ነበር የገመተው። ሐሳቡ ግን አልሞተም።

መሻገሪያው ምን ያህል ፈታኝ እንደነበር በ1818 በዚያ ያለፈው ጉርደን ሀባርድ ጽፎ አቆይቷል። ሀባርድ ያን ጊዜ ለአንድ የፀጉር ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ የተቀጠረ የ16 ዓመት ልጅ ነው። በቺካጎና በዴስፕሌንስ ወንዞች መካከል ጭቃ ሐይቅ የሚሉት ረግረግ ነበር። ሰዎቹ ጀልባቸውን እየገፉና እየጎተቱ፣ ጭቃው እየዋጣቸው፣ የጀልባውን ጠርዝ እየተደገፉ ቀኑን ሙሉ ይለፋሉ። ማታ ሲወጡ እግራቸው በአልቅት ተሸፍኗል። አልቅቱ በጉልበት ቢነቀል ቆዳ ይዞ ስለሚነሳ የትምባሆ ውሃ እያፈሰሱ ነበር የሚያስለቅቁት። በበልግ ጎርፍ ጊዜ ግን ይኸው ረግረግ ሞልቶ ታንኳ ያለ ሸክም ያሻግር ነበር፤ የአንዱ ተፋሰስ ውሃ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል ማለት ነው። ተፈጥሮ ራሷ እዚህ ቦታ ላይ አጥብቃ አልዘጋችም። እንዲያውም የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ሐይቁ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሳለ ትርፍ ውሃው በዚሁ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈስ ነበር።

ቺካጎ በ1837 ከተማ ተብላ ስትቋቋም ከአራት ሺህ ብዙም ያልዘለለ ሕዝብ ነበራት። ዦልዬ ያለመው ቦይ ቁፋሮው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1836 ተጀምሮ፣ በአብዛኛው በአየርላንድ ስደተኞች ጉልበት፣ በ1848 ተከፈተ። ርዝመቱ 155 ኪሎ ሜትር ሲሆን ኢሊኖይና ሚሺጋን ቦይ ይባላል። እህል፣ እንጨት፣ ጨውና ስኳር በዚያ ይመላለስ ጀመር፤ የከተማዋም ሕዝብ በ1850 ወደ 30 ሺህ፣ በ1860 ደግሞ ከ112 ሺህ በላይ ሆነ።

ቦዩ ግን ዕቃ ብቻ አላመጣም። በ1849 ጸደይ ከደቡብ በመጣ ጀልባ ኮሌራ ገባ፤ በዚያው ዓመት ከተማዋ ውስጥ 678 ሰው ሞተ። በ1854 ወረርሽኙ ተመልሶ 1,424 ሰው ፈጀ። የያኔዋ ቺካጎ እንደ ምጣድ ለጥ ያለች፣ ከሐይቁ ገጽ እምብዛም ከፍ ያላለች ረግረጋማ ከተማ ነች። የቤት እጣቢና የሽንት ቤት ፍሳሽ መሄጃ አጥቶ መንገድ ላይ ይተኛል። ዝናብ ሲጥል ፈረስና ጋሪ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

በ1855 ከተማዋ ከቦስተን አንድ መሐንዲስ አስመጣች። ኤሊስ ቼስብሮ ይባላል። ፍሳሹ ወዴት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ አራት መንገዶችን አቀረበ፦ ወደ ወንዙ፣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ፣ ተጠራቅሞ ለእርሻ ማዳበሪያ እንዲሆን ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬ፣ ወይም ቦዩን አስፍቶና አጥልቆ ወደ ኢሊኖይ ወንዝ። አራተኛው ወንዙን የሚያዞረው መንገድ ነው። ቼስብሮ ወጪው ለጊዜው ከአቅም በላይ ነው ብሎ ተወውና የመጀመሪያውን መረጠ፤ ፍሳሹ ወደ ወንዙ፣ ወንዙም ወደ ሐይቁ።

ምርጫው ከመነሻው ችግር ነበረበት። ከተማዋ ተዳፋት ስለሌላት የፍሳሽ ቧንቧ መሬት ውስጥ ቢቀበር አይፈስም። ስለዚህ ቧንቧው ከመንገዱ በላይ ተዘርግቶ አፈር ተሞላበት፤ መንገዱ ከፍ ሲል ቤቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ቀሩ፤ ቤቶቹንም ማንሳት ግድ ሆነ። በ1860 ሌክ ስትሪት ላይ ያለ አንድ ሙሉ የሱቅ ረድፍ፣ ርዝመቱ 100 ሜትር የሚጠጋ፣ በ6 ሺህ ክሪክ ከመሠረቱ ተነሳ። 600 ሰዎች ክሪኮቹን ተከፋፍለው ቆሙ፤ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጥቂቱ ያዞራሉ፤ ሕንፃው ሳይሰነጠቅ ፀጉር በምታህል ልክ ከፍ ይላል። ሥራው አምስት ቀን ፈጀ፤ ሱቆቹም ገበያቸውን አላቋረጡም። ኋላ በባቡር ፉርጎ ስሙ የገነነው ጆርጅ ፑልማን የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው በዚህ ቤት የማንሳት ሥራ ነው።

ቤቱ ተነሳ፣ መንገዱ ደረቀ፣ የመጠጥ ውሃው ግን ከፋ። ወንዙ የከተማዋን ቆሻሻ ይዞ ሐይቅ ይገባል፤ ከተማዋ ደግሞ የምትጠጣው ከዚያው ሐይቅ ነው። የውሃ መቅጃው ከሐይቁ ዳር ብዙ ስላልራቀ ከቧንቧ ትናንሽ ዓሦች የሚወጡበት ጊዜ ነበር። ቼስብሮ መፍትሔው መቅጃውን ማራቅ ነው አለ። በመጋቢት 1864 ከሐይቁ ወለል በታች ዋሻ መቆፈር ተጀመረ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ። አንዱ ቡድን ከዳር፣ ሌላው ሐይቁ መሀል ከተተከለው የእንጨት ማማ ሥር እየቆፈሩ በ1866 መጨረሻ ጭቃው ውስጥ ተገናኙ። የሁለቱ መስመር መዛነፍ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ሲነገርለትም ይገባዋል።

ቆሻሻው ግን ማማውን ተከተለው። በገና ዕለት 1865 የተከፈተው ታላቁ የከብት ገበያና በዙሪያው የበቀሉት ቄራዎች ደሙን፣ ሞራውን፣ አንጀቱን ወደ ደቡቡ ቅርንጫፍ ይለቁ ነበር። አንዱ ገባር ከሥሩ የሚበሰብሰው የእንስሳ ተረፈ አካል ጋዝ እየሰጠ ስለሚፈላ «አረፋማው ወንዝ» የሚል ስም ወጣለት። አፕተን ሲንክሌር በ1906 «ዘ ጃንግል» በተሰኘው ልቦለዱ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ይህንኑ ወንዝ ነው።

አራተኛው መንገድ ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ያኔ ነው። በብሪጅፖርት፣ ቦዩ ከወንዙ በሚገናኝበት ቦታ፣ ቦዩን በውሃ የሚሞሉ ፓምፖች ነበሩ። ፓምፖቹ አጥብቀው በሠሩ ቁጥር የደቡቡ ቅርንጫፍ ውሃ ከሐይቁ ይልቅ ወደ ቦዩ ሲሳብ ታየ። ታዲያ ቦዩ ራሱ ከሐይቁ በታች እስኪሆን ቢጠልቅስ? ከተማዋ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ሸንተረሩን አስቆረጠች፤ በሐምሌ 1871 መዝጊያው ተነሳና የቺካጎ ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፓምፕ ወደ ኋላ ሄደ።

ደስታው አልሰነበተም። በጥቅምት ታላቁ እሳት የከተማዋን መሀል አወደመ። ወንዙም ቢሆን ወደ ልማዱ ተመለሰ። ባለ መሬቶች ጭቃ ሐይቅን ለማድረቅ በዚያው ዓመት ያስቆፈሩት ሌላ ቦይ የዴስፕሌንስን ጎርፍና ደለል እየነዳ አመጣ፤ የጠለቀው ቦይ ተደፈነ፤ የሐይቁ ገጽም ዝቅ ሲል ውሃው እንደገና ወደ ምሥራቅ አዘነበለ። በ1884 ፓምፖቹ ተመልሰው ተተከሉ። ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግን ፓምፑም አይበቃም ነበር።

በነሐሴ 1885 መጀመሪያ አንድ ሌሊት የጣለው ዶፍ የወንዙን ጥቁር ውሃ ጠራርጎ ወደ ሐይቁ ነዳው። ይህችን ሌሊት በሚመለከት አንድ ነገር መታረም አለበት። በዚያ ዓመት በኮሌራና በታይፎይድ 90 ሺህ የቺካጎ ነዋሪ አለቀ የሚል ወሬ በመጻሕፍትና በጋዜጦች ለአሥርታት ሲደጋገም ኖሯል። እንዲህ ያለ እልቂት አልደረሰም። የዘመኑ የሞት መዝገብ አያሳየውም፤ ታሪክ ጸሐፊዋ ሊቢ ሂልም ወሬው መሠረት እንደሌለው አሳይታለች። የደረሰው ድንጋጤ ግን እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያ ድንጋጤ ተነሳ። ለመፍራት ምክንያት የሚሆን እውነተኛ ሞትም አልጠፋም፤ በ1891 ከ100 ሺህ ነዋሪ 174ቱ በታይፎይድ ሞተዋል። በአንድ ዓመት ወደ 2 ሺህ ሰው መሆኑ ነው።

በ1886 በመሐንዲስ ሩዶልፍ ሄሪንግ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወንዙን ለዘለቄታው ማዞር ይሻላል ሲል አቀረበ። በ1889 የኢሊኖይ ምክር ቤት የቺካጎ ንጽህና ዲስትሪክት የሚባል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በኅዳር ወር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 70,958 ሰው ደገፈ፤ የተቃወመው 242 ብቻ ነበር። በፖለቲካ ጠብ በምትታወቅ ከተማ ይህን ያህል አንድ ልብ መሆን ብርቅ ነው። ሕጉ በቦዩ የሚለቀቀውን ውሃ መጠን ሳይቀር ይወስናል፦ ለእያንዳንዱ 100 ሺህ ነዋሪ በደቂቃ 566 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ። ቆሻሻውን ማንም አያጣራውም፤ የሚያቀጥነው ከሐይቁ የሚሳበው ንጹሕ ውሃ ነው። የጊዜው ሳይንስ ይህን በቂ ይለው ነበር።

በመስከረም 3 ቀን 1892 ሌሞንት አጠገብ የመጀመሪያው አካፋ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ከሰባት ዓመት በላይ 8,500 ያህል ሰዎች 45 ኪሎ ሜትር ቆፈሩ፤ ከፊሉ አፈር፣ ከፊሉ ጥርብ የመሰለ የኖራ ድንጋይ ነው። ጥልቀቱ 7.3 ሜትር፣ በድንጋዩ ክፍል ስፋቱ 49 ሜትር ገደማ። የወጣው አፈርና ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ከ1893 ጀምሮ ዋና መሐንዲስ የነበረው አይሻም ራንዶልፍ ነው። ድማሚት አለቱን ይሰነጥቃል፣ የእንፋሎት መቆፈሪያ ያፍሳል፣ በጥልቁ ላይ የተወጠረ የሽቦ ገመድ ድንጋዩን ወደ ዳር ያወጣል። ብዙዎቹ ማሽኖች ለዚሁ ሥራ የተፈለሰፉ ነበሩ፤ ዓለም ገና የማያውቀውን የቁፋሮ ሙያ እዚያ የተማሩ ሰዎች ኋላ ፓናማ ላይ ተፈልገዋል። ራንዶልፍ ራሱ ስለ ፓናማ ቦይ አሠራር ምክር ከተጠየቁ መሐንዲሶች አንዱ ነበር።

ሥራው ደም አፍስሷል። በሰኔ 1893 ስለ ደመወዝ ሥራ ያቆሙ የቦይና የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ሌሞንት አካባቢ ከታጠቁ ጠባቂዎች ጋር ተጋጩ፤ በተኩስ ሰው ሞተ፤ የክፍለ ግዛቱ ጦርም ወደ ስፍራው ተላከ። ቦዩን የሚያደንቅ ሰው እነዚህንም ሊያስታውስ ይገባል።

ታችኞቹ ከተሞች እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሴንት ሉዊስ የምትጠጣው የሚሲሲፒን ውሃ ነው፤ የኢሊኖይ ወንዝ ደግሞ ከእሷ በላይ ሚሲሲፒ ይገባል። የሚዙሪ ክፍለ ግዛት የእግድ ትእዛዝ ሊያወጣ እየተዘጋጀ መሆኑ ቺካጎ ተሰማ። ስለዚህ የምረቃ በዓል፣ ሙዚቃ፣ ንግግር የሚባል ነገር ቀረ። በጥር 2 ቀን 1900 በጠዋት የዲስትሪክቱ ባለሥልጣናት ወንዙንና አዲሱን ቦይ ወደሚለየው የመጨረሻ የአፈር ግድብ ሹልክ ብለው ሄዱ። ብርዱ አፈሩን አለት አድርጎታል። በአካፋ ሞከሩ፤ እሳት አነደዱ፤ ድማሚት አፈነዱ፤ ግግሩ አልበገር አለ። በመጨረሻ የቁፋሮ ማሽኑ ክንድ የቀረውን እየዛቀ ጥሶት ውሃው ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ።

ቦዩ እስኪሞላ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት የከተማዋ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ የማያውቀውን ነገር አየ፤ ጥቁሩ ወንዝ እየጠራ፣ ከሐይቁ የተነሳ የበረዶ ቁራጭ ወደ መሀል አገር እየተንሳፈፈ ሲሄድ። በጥር 17 ባለሥልጣናቱ በማለዳ በልዩ ባቡር ተጓዙና በቦዩ ጫፍ ያለውን የሎክፖርት መዝጊያ ከፈቱት። ሚዙሪ ክሷን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስገባችው በዚያው ዕለት ነው። ውሃው ቀድሟት ነበር።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ወሰደ። ሚዙሪ በየቀኑ 1,500 ቶን መርዛማ ቆሻሻ ይለቀቅብኛል አለች። ኢሊኖይ ደግሞ 575 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ውሃ በመንገዱ ይጠራል፣ የታይፎይድ ተህዋስም ያን ያህል ቀን አይኖርም ብላ መለሰች። ማንኛቸውም ተህዋስን በዐይን አያዩም፤ ስለዚህ አንድ የሚገርም ሙከራ ተደረገ። ጉዳት የሌለውና በቀላሉ የሚለይ ባክቴሪያ በ107 በርሜል ተሞልቶ ኅዳር 6 ቀን ቦዩ ውስጥ ተደፋ። ታኅሣሥ 4 ቀን በሴንት ሉዊስ መቅጃ አንዱ ተገኘ፤ ከዚያ በሦስትና አራት ቀን ውስጥ ሌላ። ለአንዱ ወገን ይህ ማስረጃ ነው፤ ለሌላው ከምንም አይቆጠርም።

በየካቲት 1906 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ጻፈ። ሚዙሪ ጉዳቱን አላስረዳችም አለ፤ የራሷ ከተሞችም ፍሳሻቸውን ወንዝ ውስጥ እንደሚለቁ አስታወሰ፤ የኢሊኖይ ወንዝ ከድሮው ይልቅ መጥራቱንም ጠቀሰ። ቺካጎ ረታች። ሴንት ሉዊስ ግን ፍርዱን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ በ1904 የዓለም ኤክስፖዚሽን ሲቃረብ ውሃዋን በኖራና በብረት ሰልፌት ማጥራት ጀምራለች።

ክሱን ያቀረበችው ሚዙሪ ብትሆንም፣ በጣም የተጎዳው የኢሊኖይ የራሷ ወንዝ ነው። በወንዙ ዳር ሃቫና በተባለች ከተማ የምርምር ጣቢያ ነበር፤ በስቲቨን ፎርብስ የሚመሩት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ለውጡን ከመጀመሪያው ጀምረው መዝግበውታል። ውሃው በመጨመሩ የዳር ሜዳዎች ተጥለቀለቁ፤ ሥራቸው ከውሃ የማይወጣ ዛፎች ደረቁ፤ መሬታቸው የተዋጠባቸው ገበሬዎች ዲስትሪክቱን ከሰሱ። ለጊዜው ዓሣው በዛ፤ በ1908 ምርቱ ከምንጊዜውም በላይ ደረሰ። በ1911 እና በ1912 ግን ፎርብስና ባልደረባው ሪቻርድሰን ከላይኛው የወንዙ ክፍል የቀዱት ውሃ በበጋ ኦክስጅን አጥቶ ተገኘ። ወለሉ በጥቁር ዝቃጭ ተሸፈነ፤ ንጹሕ ውሃ የሚሹት ትናንሽ ፍጥረታት ጠፍተው ዝቃጭ የሚወድ ትል ብቻ ቀረ። ከዓመት ዓመት የሞተው ክፍል ቁልቁል እየሰፋ በ1920ዎቹ ወደ ፒዮሪያ ተጠጋ። ዓሣ አስጋሪው፣ ዛጎል ለቃሚው፣ ዳክዬ አዳኙ አንድ በአንድ ሥራ ፈቱ። ለእነሱ ማንም ሐውልት አላቆመም።

ቺካጎ ግን ዳነች፤ ይህም መካድ የለበትም። የታይፎይድ ሞት ከቦዩ በኋላ ቀነሰ፤ በ1912 በመጠጥ ውሃው ላይ ክሎሪን መጨመር ተጀምሮ በ1917 ከተማዋን ሲያዳርስ በሽታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ቀጣዩ ክስ ከሰሜን መጣ። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ሌሎች የሐይቆቹ ክፍለ ግዛቶች በ1920ዎቹ ተነሱ፤ ቅሬታቸው ስለ ቆሻሻ አልነበረም። ቺካጎ ውሃችንን ትወስዳለች፣ የሐይቆቹ ገጽ ዝቅ እያለ መርከቦቻችን ጭነት እንዲቀንሱ ተገደዱ ነበር የሚሉት። ቦዩ በሰከንድ እስከ 283 ሜትር ኩብ እንዲያሳልፍ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የጦር ሚኒስቴሩ የፈቀደው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ጉዳዩን ያጣራው ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ጉዳት መድረሱን አረጋገጠ። በሚያዝያ 1930 የመጨረሻውን ትእዛዝ የጻፈው ያው ዳኛ ሆምስ ነው፤ ዕድሜው 89 ዓመት ሆኖታል። ቺካጎ እስከ 1938 ማብቂያ ከሐይቁ በቀጥታ የምትወስደውን፣ ለመጠጥ የምትስበውን ሳይጨምር፣ በሰከንድ ወደ 42 ሜትር ኩብ እንድታወርድ አዘዘ። የሐይቁ ውሃ ካልበቃ ቆሻሻውን ማጣራት የግድ ነው። ከሰባ አምስት ዓመት በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተፋጠነ፤ በ1930ዎቹ የተገነቡት የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ማጣሪያዎች፣ ዛሬ በአንድ ስም ስቲክኒ የሚባሉት፣ ከዓለም ታላላቅ ጣቢያዎች አንዱ ሆኑ። በ1938 በወንዙ አፍ የመርከብ መዝጊያ ተሠርቶ ሐይቁና ወንዙ በበር ተለያዩ። በ1967 የወጣ ሌላ ትእዛዝ ጠቅላላውን ድርሻ በሰከንድ 91 ሜትር ኩብ አድርጎ ወሰነው፤ ዛሬም የሚሠራበት መሠረቱ ይኸው ነው።

ወንዙ ግን አልፎ አልፎ የድሮ መንገዱን ያስታውሳል። የዝናቡም የሽንት ቤቱም ውሃ በአንድ ቧንቧ ስለሚሄድ፣ ዶፍ ሲጥል ቧንቧው ሞልቶ ወንዝ ውስጥ ይተፋል፤ ከተማዋ እንዳትጥለቀለቅ መዝጊያው ይከፈትና ወንዙ ከነቆሻሻው ሐይቅ ይገባል። ይህን ለማስቀረት በ1975 ጥልቁ ዋሻ የሚባለው ሥራ ተጀመረ፤ ከመሬት በታች ከ45 እስከ 90 ሜትር በአለት ውስጥ የተፈለፈለ 175 ኪሎ ሜትር ዋሻ በ2006 ተጠናቀቀ። ውሃውን የሚያጠራቅሙት ግዙፍ ጉድጓዶች ግን ገና ነበሩ፤ በመስከረም 2008 እና በሚያዝያ 2013 መዝጊያዎቹ እንደገና ተከፍተዋል። ቶርንተን በሚባል የድንጋይ ካባ የተሠራው ማጠራቀሚያ በ2015፣ የመኩክ ማጠራቀሚያ የመጀመሪያ ክፍል በ2017 ሥራ ጀመሩ።

ፀጥ ባለ ክረምትም ቢሆን ወንዙ ሙሉ ለሙሉ አልተገዛም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ባለሙያዎች የፍሰት መለኪያ ወደ ወለሉ ሲያወርዱ የላይኛው ውሃ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የታችኛው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቁ፣ ሲጓዝ አገኙት። ከሰሜኑ ቅርንጫፍ የሚመጣው ውሃ ጨው ስላለበት ይከብዳል፤ መገናኛው ላይ ሲደርስ ከሐይቁ ውሃ ሥር ይሰርግና በራሱ መንገድ ይሄዳል። ድልድይ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ማንም በ1900 ያላሰበው መጣ። ሁለት ተፋሰስ በቦይ ሲገናኝ የሚያልፈው ውሃ ብቻ አይደለም። በ1988 በታላላቆቹ ሐይቆች የተገኘው የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያለበት ትንሽ ባለ ዛጎል፣ በ1991 ኢሊኖይ ወንዝ ታየ፤ ከዚያ ሚሲሲፒን አዳረሰ። በተቃራኒው በ1970ዎቹ በደቡብ የዓሣ እርባታ ኩሬዎች እንዲገቡ የተደረጉ የእስያ ካርፕ ዝርያዎች አምልጠው ሽቅብ ወደ ሐይቆቹ መጓዝ ጀመሩ። የጀልባ ሞተር ሲሰሙ ከውሃው እየዘለሉ ሰው የሚመቱት እነዚህ ናቸው። በ2002 ሮሚዮቪል ላይ ውሃው ውስጥ የኤሌክትሪክ አጥር ተተከለ፤ በታኅሣሥ 2009 አጥሩ ለጥገና ሲጠፋ ዓሣ እንዳያልፍ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የቦዩ ክፍል መርዝ ተለቀቀበት። ሚሺጋን መዝጊያዎቹ ይዘጉልኝ ብላ ወደዚያው የድሮ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ2010 ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም።

አሁን ክርክሩ ጆልየት ከተማ አጠገብ ወዳለው ብራንደን ሮድ መዝጊያ ወርዷል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚያው የ1673 መንገደኛ ነው። በ2024 ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል በኤሌክትሪክ፣ በድምፅና በአየር አረፋ ዓሣውን የሚመልስ በር እዚያ ለመሥራት ተፈራረሙ፤ ወጪው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። አንዳንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችና የሐይቆቹ ከተሞች ከዚህ አልፈው ሁለቱ ተፋሰሶች እንደ ድሮው ይለያዩ፣ ወንዙም ወደ ሐይቁ ይመለስ ይላሉ። ያ ከሆነ ቺካጎ ወደ ምትጠጣው ሐይቅ የምትለቀውን እያንዳንዱን ጠብታ ከዛሬው አብልጣ ማጥራት አለባት፤ በቦዩ የሚያልፉት የጭነት ጀልባዎችም ሌላ መንገድ ይፈለግላቸዋል።